ከ«የአገር ያለህ!» እስከ «ሼር አድርጉልን»፦ የታገተ ልጅ ጥሪ ታሪክ

በየስልኩ የሚዞር አንድ ዓይነት መልእክት አለ። የልጅ ፎቶ፣ ከላዩ «አፋልጉኝ» የሚል ቃል፣ ከሥሩ ልጁ ለብሶት የነበረው ልብስ ቀለም፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ በመጨረሻም «ሼር በማድረግ ይተባበሩን»። ብዙውን ጊዜ ቀን የለውም። ልጁ ትናንት ጠፍቶ ይሁን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከእንጅባራ ይሁን ከአዳማ፣ ተገኝቶ ይሁን እስከ ዛሬ ሳይገኝ፣ መልእክቱን ያስተላለፈው ሰው አያውቅም። ያረጋገጠው ፖሊስ የለም። «ተገኝቷል፣ አቁሙ» የሚልም የለም።

ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር ልጅ ሲወሰድ የሚነፋው ጥሩንባ ይኸው ነው። ሌሎች አገሮች ለዚህ ጉዳይ የተለየ የአስቸኳይ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አላቸው። ሬዲዮው ፕሮግራሙን ያቋርጣል፣ የመንገድ ዳር ሰሌዳው የመኪናውን ታርጋ ያሳያል፣ የአካባቢው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ለምን እንደሌለ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ድህነት» ወይም «ቴክኖሎጂ» ነው። ታሪኩ ግን ሌላ መልስ አለው። አገሪቱ ማስጠንቀቂያ አጥታ አታውቅም። ያጣችው የልጅን መወሰድ «አደጋ» ብሎ የሚመዘግብ መዝገብ ነው።

ሦስቱ የቀድሞ ጥሪዎች

የመጀመሪያው ጥሪ እሪታ ነው። ሌባ ሲገባ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲወሰድ «የአገር ያለህ! የወገን ያለህ!» ብሎ የጮኸ ሰው ጎረቤቱን ከእርሻው ላይ ያስነሣል። የሰማው ደግሞ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ያቀብላል። እሪታ ፈጣን ነው፤ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ድክመቱ ከሰው ድምፅና ከሰው እግር አልፎ አለመሄዱ ነው። ፈረስ የተቀመጠ ነጣቂ ወንዙን ከተሻገረ ጩኸቱ ወደ ልቅሶ ይለወጣል።

ሁለተኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ካልወጣም አገሩ በጋራ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ሁሉንም ሰው ምስክር ያደርግ ነበር። ነገር ግን የሚጠራው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የተሰረቀ በሬ ዋጋ ለማስመለስ ይበጃል፤ በመንገድ ላይ ያለን ልጅ ለማስጣል አይደርስም።

ሦስተኛው ነጋሪት ነው። አዋጅ በገበያ ቀን ይነገራል፤ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል። ዛሬ «ሼር» የሚባለው ያኔም ነበረ ማለት ነው። ነጋሪት ከእሪታም ከአፈርሳታም ሩቅ ይደርሳል። የሚጎሰመው ግን ለክተት፣ ለግብር፣ ለሹመት ነበር። ገዢው አጣሁ ወይም ፈለግሁ ያለውን ነገር ይጠራል እንጂ የአንድን ገበሬ ልጅ አይጠራም።

የከተማው ዕድርም ጥሩንባ ነፊ አለው። ገና ጎሕ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ማንም «አልሰማሁም» እንዳይል ያደርጋል። ይህ ጥሩንባ ለሞተ ሰው ይነፋል፤ በሕይወት ላለና ለተወሰደ ልጅ መንፋት የተለመደ አይደለም።

ፈጣኑ ጥሪ ሩቅ አይደርስም፣ ሩቅ የሚደርሰው ደግሞ የቤተሰብ አይደለም። የዛሬው ችግር ሥር እዚህ ላይ ነው።

ልጅ ዕቃ በነበረበት ዘመን

ዳንግላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርታት የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች። ከቆንስሎቹ የሚታወቀው ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ሠርቷል። ስሙ የሚነሣው ጣና ሐይቅንና ዓባይን ዞሮ በማጥናቱ ነው። ይሁን እንጂ በምዕራብ ኢትዮጵያ የነበሩ የእንግሊዝ ቆንስሎች ወደ አገራቸው ከሚጽፉባቸው ጉዳዮች አንዱ የባሪያ ንግድና ፍንገላ ነበር።

ከአዊ ደጋ በስተምዕራብ ባለው ቆላ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ከጎጃምና ከአገው ምድር በሚወርዱ ፈንጋዮች ለትውልዶች ተጠቅቷል። ልጆች በተለይ ይፈለጉ ነበር። ልጅ ለመያዝ ይቀላል፣ ለመሸሽ አቅም የለውም፣ ቋንቋውንና የአገሩን ስም ቶሎ ይረሳል። በዚያው ዘመን ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የተወሰዱ ልጆች ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር የተሰረቀው በልጅነቱ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደርሶ ነጻ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። እናቱ ጮኻ ከሆነ ጩኸቱ የትኛውም ገዢ መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈንጋዩ ብዙ ጊዜ የገዢው ሰው ወይም ለገዢው ቀረጥ የሚከፍል ነጋዴ ነበር። የተወሰደው ልጅ በሕግ ዓይን የጠፋ ሰው ሳይሆን የተገኘ ንብረት ሆነ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ይህን ንግድ ለማጥፋት ግዴታ ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሮችን ደረጃ በደረጃ ነጻ የሚያወጣ ሕግ ወጣ። ባርነትን የሻረው አዋጅ የታወጀው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ገበያው ተዘጋ። ለተወሰደ ልጅ ማን ነጋሪት እንደሚጎስም ግን አዋጁ አልተናገረም።

ልጅ ሙሽራ ስትባል

ቀጥሎ የመጣው መዝገብ «ጋብቻ» ነው። ጠለፋ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የታወቀ ልማድ ነበር። ልጅቱ ከውኃ መንገድ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ ትወሰዳለች። እሪታ ይሰማል፤ ጎረቤት ይነሣል። «ለጋብቻ ነው» ሲባል ግን የሮጠው ይቆማል፣ በማግሥቱ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣ ይቆረጣል። ልጅቱ ያለችበት ቦታ እየታወቀ ፍለጋው ያበቃል። ጥሪውን ጸጥ ያሰኘው የርቀት ብዛት ሳይሆን ነገሩ የተሰጠው ስም ነው።

ሕጉም ይህንኑ ስም ተቀብሎ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርግም፣ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። በመዓዛ አሸናፊ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆነላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስን የመከላከል ድርጊት ነው ብሎ ነጻ አወጣት። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ አደረገው። ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። በሩ ተዘጋ። ሕጉ ግን የሚናገረው ስለ ቅጣት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማን ምን ያድርግ ለሚለው መልስ አልያዘም።

በዚያው ዓመት በቴክሳስ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1996 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ አርሊንግተን ከተማ፣ አምበር የተባለች የ9 ዓመት ልጅ ብስክሌት እየነዳች ሳለ ተወሰደች። አንድ ጎረቤት አይቶ ለፖሊስ ደወለ። ፖሊስ የመኪናውን ዓይነት ያውቃል፤ በየመንገዱ የሚነዳው ሕዝብ ግን አያውቅም። ከአራት ቀን በኋላ አስከሬኗ ተገኘ። ገዳይዋ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ በኋላ አንዲት ነዋሪ ወደ አካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ ደውላ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች። ጣቢያዎቹ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ፕሮግራም አቋርጠው ያስጠነቅቃሉ፤ ልጅ ሲወሰድ ለምን እንዲሁ አያደርጉም? የዳላስና የፎርት ዎርዝ ጣቢያዎችና ፖሊሶች ተስማምተው በዚያው ዓመት ሥርዓቱን ጀመሩ። ስሙም በልጅቱ ስም «አምበር አለርት» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያው አካባቢ የተወሰደች የጥቂት ሳምንታት ሕፃን ማስጠንቀቂያው በተነገረ በሰዓታት ውስጥ ተገኘች።

ሥርዓቱ የተወለደው በዋሽንግተን አይደለም። ሁለት ከተሞችና በዙሪያቸው ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ጀመሩት፤ የፌዴራል ሕግ የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ በ2003 ነው። ሁሉም 50 ግዛቶች የራሳቸውን ዕቅድ የያዙት በ2005 ሲሆን፣ በቀጥታ ወደ ሞባይል ስልክ የሚገባው ማስጠንቀቂያ የተጀመረው በ2013 ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያው ሬዲዮ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት መስፈርቱ ነው። ለጠፋ ልጅ ሁሉ አይነገርም። ፖሊስ ልጁ መወሰዱን ማመን፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ መሆኑን መገመት፣ ሕዝቡ ሊያይ የሚችለው ምልክት በእጁ መኖር አለበት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሳሳይ ሥርዓት ስትጀምር መልእክቱ ለሦስት ሰዓት ብቻ እንዲተላለፍ ወሰነች። ጥሪ ሲበዛ ጆሮ ይደነቁራልና።

ሰዓቱ ለምን ይቆጠራል? በአሜሪካ ታግተው በተገደሉ ልጆች ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት፣ ከተገደሉት መካከል ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት የሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ተቺዎችም አሉ። የወንጀል ተመራማሪው ቲሞቲ ግሪፊን ብዙዎቹ የተሳኩ ማስጠንቀቂያዎች ልጁን የወሰደው ወላጅ ወይም ዘመድ በሆነበት ጉዳይ ላይ መሆናቸውን አሳይቶ፣ ሥርዓቱ ከሚወራለት ያነሰ ነው ይላል። ትችቱ ትክክለኛ ቦታ አለው። ማስጠንቀቂያ ተአምር አይሠራም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስገድዳል፦ አንድ ባለሥልጣን በሰዓታት ውስጥ «ይህ አደጋ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ እንዲወስን።

ሐዘን እንጂ ጥሪ ያልታወጀላቸው

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ 208 ሰዎችን ገደሉ፣ ከ100 በላይ ልጆችንም ወሰዱ። መንግሥት የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፣ ሠራዊት ላከ፤ ከልጆቹ ከፊሎቹ በቀጣዮቹ ሳምንታት ተመለሱ። ሐዘን ለሞቱት ተገቢ ነው። በሕይወት ለተወሰዱት ግን ስማቸውና ፎቶአቸው በየቤቱ አልደረሰም፤ አገሪቱ ቁጥራቸውን ብቻ ሰማች።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ የአማራ ክልል ተማሪዎች ታገቱ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ቆይተው ድምፁ ጠፋ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የፕሬስ ኃላፊ የነበሩት ንጉሡ ጥላሁን በጥር ወር 21 ተማሪዎች መለቀቃቸውን ሲናገሩ ከአንድ ወር በላይ አልፎ ነበር፤ ወላጆች ደግሞ ልጆቻችንን አላገኘንም አሉ። ሕዝቡ በየከተማው ሰልፍ ወጣ። የጠየቀው ከሁሉ በፊት መረጃ ነበር።

ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በጎንደር ከተማ የ2 ዓመት ሕፃን ታግታ፣ ቤተሰቧ ገንዘብ ከፍሎም ተገድላ ተገኘች። የከተማው ሰው አደባባይ ወጣ። እሪታው ተሰማ፤ የተሰማው ግን ከቀብር በኋላ ነው።

በዚህ ዘመን መዝገቡ «የጸጥታ ችግር» ይላል። ይህ ስም ልጁን ከብዙ ጉዳዮች አንዱ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። «አፋልጉኝ» የሚለው ብቸኛ መንገድም አብሮ ተዘጋ።

መንግሥት ማስጠንቀቂያ መሥራት ያውቃል

«አቅም የለም» የሚለው መልስ እውነት እንዳልሆነ የሚያሳየው የራሷ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። ከወሎ ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ጀመረ። የዝናብ መጠን፣ የእህል ዋጋ፣ የከብት ሁኔታ ከወረዳ ተሰብስቦ ወደ ማዕከል ይላካል። አገሪቱ ደሃ በነበረችበት፣ ስልክ በማይገባበት ዘመን ይህ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኮሚሽኑ ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ሰሚ ያገኘው ግን ምስሉ በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። ትምህርቱ ሁለት ነው። ሥርዓቱን መሥራት ይቻላል፤ ሲጮህ የመነሣት ግዴታ ያለበት ሰው ካልተሰየመ ግን መጮኹ ብቻውን አያድንም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በኢትዮ ቴሌኮም መስመር የደወለ ሰው ሁሉ ከጥሪው ድምፅ በፊት «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል መልእክት ይሰማ ነበር። ለሕዳሴው ግድብ ገንዘብ ሲሰበሰብም 8100 የሚለው ቁጥር በየስልኩ ደርሷል። ኔትወርክ ባለበት ሁሉ መልእክት ማድረስ ይቻላል ማለት ነው።

የአዴት ማስጠንቀቂያ

ጥሪው ያለ ሥርዓት ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ ከአዊ ብዙ ሳይርቅ ታይቷል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ አዴት አካባቢ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ሕፃናትን ሊጎዱ የመጡ ናቸው» በሚል ወሬ በተነሣ ሰው ተገደሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ በዋትስአፕ የተሠራጨ «ልጅ ሰራቂዎች መጡ» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ብዙ ንጹሐን መንገደኞችን አስገድሏል።

ልጅ ተነካ ሲባል ሰው አይጠብቅም፤ ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያልተረጋገጠ ጥሪ የሰውን ፍቅር ወደ ድንጋይ ይለውጠዋል። ስለዚህ መንግሥት ይህን ሥራ አለመያዙ ባዶ ቦታ ብቻ አልተወም፤ ቦታውን ለወሬ ሰጥቷል። ሕዝቡ የሚያምነው አንድ የተረጋገጠ ድምፅ ሲኖር ሌላው ሁሉ «ወሬ ነው» ሊባል ይችላል።

አዊ ላይ ቢጀመር

እንጅባራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተሰሜን በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ በስተደቡብ ወደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ፣ በስተምዕራብ ወደ ቻግኒና መተከል ያወጣል። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ያለው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት እንጅባራ ላይ የተወሰደ ልጅ ቤተሰቡ ፖሊስ ጣቢያ ወረፋ ይዞ ሳለ ከሦስቱ በአንዱ በኩል ከዞኑ ሊወጣ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ግጭት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ በሰፈሩበት ጊዜ ደግሞ፣ አካባቢው ያለ መታወቂያና ያለ ዘመድ የሚንቀሳቀሱ ልጆች የሚያልፉበት ሆኗል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በሞባይል ሊደወልለት የሚችል አንድ ቁጥርና ሌሊትም ቀንም የሚያነሣው ተረኛ። ሁለተኛ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ይነገር» ወይም «አይነገር» ብሎ የሚወስንና የሚፈርም አንድ ኃላፊ። ሦስተኛ፣ ጥሪው የሚደርስባቸው ቦታዎች ዝርዝር፦ መናኸሪያዎች፣ ኬላዎች፣ ነዳጅ ማደያዎች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የዕድር ሊቀመንበሮች፣ ደብሮችና መስጊዶች፣ በአማርኛና በአዊኛ የሚተላለፈው የክልሉ ሬዲዮ። አራተኛ፣ ልጁ ሲገኝ «ተገኝቷል» የሚል መዝጊያ መልእክት።

በዞኑ ለዚህ የሚሆን የቆየ መረብም አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል። አባላቱ ስልክ በማይሠራበት ቀበሌም ይኖራሉ። በዓል ለማድመቅ የሚነሣ ፈረስ ልጅ ለመፈለግ ቢነሣ የሚያንስ ክብር የለውም።

ሕጉም አይከለክልም። ለአሥርታት ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22፣ ፖሊስ የደረሰው ጥቆማ አጠራጣሪ ቢመስለውም እንኳ ምርመራ እንዲጀምር ያዛል። «24 ሰዓት ይሙላ» የሚለው አባባል ከዚህ አንቀጽ ጋር አይሄድም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 35ም መንግሥት የልጆችን መታገት ለመከላከል ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ይጠይቃል።

ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ግን ይቀራሉ። የመጀመሪያው አጋቾች «ለፖሊስ ብትናገሩ እንገድለዋለን» ሲሉ የሚመጣው ነው። ገንዘብ ለሚጠየቅበት እገታ ይፋዊ ጥሪ ልጁን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኃላፊው አንዳንድ ጊዜ ጥሪውን ለኬላዎችና ለመናኸሪያዎች ብቻ በዝግ ማስተላለፍ መቻል አለበት። ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። ፖሊስ በማይገባበት ቀበሌ ጥሪውን ማን ይሰማል? መልሱ የትኛውም ታጣቂ ወገን ልጅ ፍለጋን እንደ ስለላ እንዳይቆጥር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች አስቀድመው ቃል ማስገባታቸው ነው። ይህ ቀላል አይደለም። ለዕርቅና ለቀብር መንገድ ማስከፈት የሚችሉ ሽማግሌዎች ግን ለልጅም መጠየቅ ይችላሉ።

ሌላም ጎደሎ አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች የልደት ምዝገባ ያላቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። መኖሩ ያልተመዘገበ ልጅ መጥፋቱም ለመመዝገብ ይቸግራል።

ልጅ ዕቃ፣ ከዚያ ሙሽራ፣ ከዚያ «የጸጥታ ችግር» ተብሎ ተመዝግቧል። በየዘመኑ እናቶች ጮኸዋል፤ በየዘመኑ መዝገቡ ጩኸቱን ወደ ሌላ ክፍል መርቶታል። አርሊንግተን አዲስ መሣሪያ አልፈለሰፈችም፤ ለአውሎ ነፋስ የነበረውን ሬዲዮ ለልጅ እንዲውል ወሰነች እንጂ። እንጅባራና ዳንግላም ሬዲዮው፣ መናኸሪያው፣ ዕድሩ፣ ፈረሰኛው አላቸው። የጎደለው የተረኛው ስልክ ቁጥርና የሚፈርመው ሰው ስም ነው። እነዚህን ሁለቱን የዞኑ አስተዳደርና ፖሊስ በአንድ ስብሰባ ሊሰይሟቸው ይችላሉ።